ጸጥታ ፍለጋ በጀልባ፦ ከሦስቱ የረግረግ ቦዮች የትኛው ይስማማዎታል?

በረግረግ መካከል በጀልባ ለመጓዝ የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ቢረዳ ብዙ ድካም ይቀንስለታል። ጸጥ ያለ ቦይ ጸጥታውን ያገኘው በአጋጣሚ አይደለም። ጥልቀቱ ስለሚያንስ፣ በሩ በቀን የተወሰነ ጊዜ ብቻ ስለሚከፈት፣ ግንድና ቅጠል ስለሚንሳፈፍበት ጭነት ጫኞቹና የሚቸኩሉት መንገደኞች ትተውት ሄደዋል። ጸጥታው የመጣው እነርሱ ከሄዱ በኋላ ነው። ስለዚህ አንዱን ቦይ ከሌላው ሲያማርጡ «የትኛው ያምራል?» ብቻ ሳይሆን «የትኛውን እንከን እችለዋለሁ?» ብለው ቢጠይቁ ምርጫው ይቀልልዎታል።

እዚህ የማወዳድራቸው በምሥራቅ አሜሪካ የሚገኙ ሦስት ቦዮችን ነው። ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ከቨርጂኒያዋ የኖርፎክ ከተማ በስተደቡብ ይለያዩና ወደ ሰሜን ካሮላይና ይወርዳሉ። አንዱ የዲዝማል ረግረግ ቦይ ነው፤ ሌላው የአልበማርልና ቼሳፒክ ቦይ ሲሆን ጀልበኞች በአብዛኛው «ቨርጂኒያ ከት» ይሉታል። ሦስተኛው ራቅ ብሎ በጆርጂያ ግዛት፣ በኦኪፈኖኪ ረግረግ ውስጥ ያለው የስዋኒ ቦይ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ሦስቱ የተቆፈሩበት ዓላማ የተለያየ ነው፤ የዛሬው ጠባያቸውም ከዚያው ይመነጫል። ዲዝማል እንጨትና ሌላ ጭነት እንዲያመላልስ ተቆፈረ። አልበማርልና ቼሳፒክ በ1859 የተከፈተ ተቀናቃኝ ነበር፤ በእንፋሎት ማሽን የተቆፈረ፣ ለትልልቅ ጀልባዎች የሚመች ሆኖ መጣና የዲዝማልን ገበያ ወሰደበት። ስዋኒ ደግሞ በዋነኛነት ረግረጉን አድርቆ እርሻ ለማድረግ ታስቦ ተጀምሮ የከሸፈ ሥራ ነው። በገበያ ያሸነፈው ቦይ ዛሬም ሥራ ይበዛበታል። ጸጥ ያሉት የተሸነፉት ሁለቱ ናቸው።

የዲዝማል ረግረግ ቦይ

የራሱ ጀልባ ላለውና ጸጥታን ዋና ግቡ ላደረገ ሰው ያለማመንታት የምመክረው ይህን ነው። ከዲፕ ክሪክ እስከ ሳውዝ ሚልስ 22 ማይል፣ ማለትም 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ቁፋሮው በ1793 ተጀምሮ ቦዩ በ1805 ተከፈተ፤ ሳይቋረጥ እያገለገሉ ከቆዩት የአሜሪካ ሰው ሠራሽ ቦዮች በዕድሜ የሚበልጠው የለም።

የቆፈሩት በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ናቸው። ጌቶቻቸው ለሥራው ያከራዩአቸው ነበር፤ እነርሱም ወገባቸው ድረስ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ጭቃና ውኃ ውስጥ ቆመው ሥር እየቆረጡ ጭቃውን ያወጡ ነበር። በዚህ ቦይ ላይ የጭነት ጀልባ ይመራ የነበረው ሞዘስ ግራንዲ የነጻነቱን ዋጋ ሠርቶ ከፍሎ ሁለት ጊዜ ተክዷል፤ ነጻ የወጣው ለሦስተኛ ጊዜ ከከፈለ በኋላ ነው። ከባርነት ያመለጡ ሰዎችም በረግረጉ ውስጥ ካሉት ደረቅ ጉብታዎች ላይ መኖሪያ ሠርተው ለትውልዶች ተሸሽገው ኖረዋል። በቦዩ ላይ የሚያልፍ ሰው ግራና ቀኝ የሚያየው ጥቅጥቅ ያለ ዱር ለእነዚያ ሰዎች አስፈሪ ሳይሆን መጠጊያ ነበር። ይህን አውቆ መሄድና ሳያውቁ ማለፍ በፍጹም አንድ አይደለም።

ወደ ጉዞው እንምጣ። ቦዩ በሁለቱም ጫፍ ካለው ውኃ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው፤ ውኃውን የሚያገኘው በምዕራብ ካለው የድረመንድ ሐይቅ በመጋቢ ቦይ በኩል ነው። ስለዚህ ሲገቡ መውጣት፣ ሲጨርሱ መውረድ አለ። ይህን የሚያደርጉት በዲፕ ክሪክና በሳውዝ ሚልስ ያሉት ሁለት ሎኮች ናቸው። ሎክ በፊትና በኋላ በር ያለው የውኃ ክፍል ነው፤ ጀልባው ገብቶ በሩ ከተዘጋ በኋላ ውኃ ሲሞላበት ከፍ ይላል፣ ውኃው ሲለቀቅ ይወርዳል። የእነዚህ ከፍታ 8 ጫማ፣ ወደ 2.4 ሜትር ያህል ነው።

ሎክ ውስጥ ገብቶ ለማያውቅ ሰው እዚህ ላይ ትንሽ ልዘርዝር። ገመዱን ግንቡ ላይ ካለው ማሰሪያ ያዞሩታል እንጂ አያስሩትም። ጫፉን በእጅዎ ይዘው፣ ጀልባው ከፍ ሲል የረገበውን ገመድ ይሰበስባሉ፤ ሲወርድ በጥቂት በጥቂቱ ይለቃሉ። ቋጥሮ ያሰረ ሰው ውኃው ሲሸሽ ጀልባውን በገመድ ተንጠልጥሎ ያገኘዋል። ውኃው ሲገባ ቡናማ አረፋ እያነሣ ይገለባበጣል፣ ፊት ለፊት የቆመውንም ጀልባ ወዲያና ወዲህ ይስበዋል፤ በመሆኑም ጀልባው ከግንቡ ጋር እንዳይፋጭ በጎኑ የሚንጠለጠሉትን መከላከያዎች ገና ሳይገቡ ማውጣት ያስፈልጋል። ሎኩን የሚከፍተው ሠራተኛ አጠገቡ ያለውን ተነሺ ድልድይም የሚከፍት ራሱ ነው። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው እስኪደርስ ሁሉም ጀልባ ይጠብቀዋል። የሚከፈል ነገር የለም፤ ቦዩ የመንግሥት ነው፣ የሚያስተዳድረውም የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ጓድ ነው።

በመደበኛው ሰሌዳ ሎኮቹ በቀን 4 ጊዜ ይከፈታሉ፤ በአሜሪካ ሰዓት ጠዋት 8፡30 እና 11፡00፣ ከቀትር በኋላ 1፡30 እና 3፡30። በኢትዮጵያ ሰዓት ማሰብ የለመደ ሰው አስተካክሎ ያስላ፤ አንዱን መክፈቻ ያሳለፈ ቀጣዩን ለማግኘት ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይጠብቃል። ማዕበል ሳያስነሡ በዝግታ መሄድ ግዴታ ስለሆነ ከሎክ እስከ ሎክ 4 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ይህ ማለት በ1፡30 የገባ ሰው የማዶውን የመጨረሻ መክፈቻ አይደርስበትም፣ ቦዩ ውስጥ ያድራል። ይህን እንደ ችግር የሚቆጥሩት ብዙ ናቸው። እኔ ግን ሆን ብለው በ1፡30 እንዲገቡ እመክራለሁ። በሰሜን ካሮላይና በኩል ባለው የጎብኚዎች ማዕከል መትከያ ላይ ያለ ክፍያ ማሰር ይቻላል፤ ቦታ ሲጣበብ ጀልባዎች ጎን ለጎን እርስ በርስ ይተሳሰራሉ። በሌላ ሰው ጀልባ ላይ ተሻግረው ወደ መሬት የሚወርዱ ከሆነ ፈቃድ ይጠይቁ፣ በፊት በኩል ይሻገሩ፤ ባለቤቱ በሚቀመጥበት በኋላ በኩል መሻገር እንደ ነውር ይታያል።

የውኃው ቀለም እንግዳውን ሁሉ ያስገርማል። ወፍራም ሻይ ይመስላል፤ ምክንያቱም ሻይን የሚያጠቁረው ታኒን የተባለው ንጥረ ነገር ከዛፎቹ ቅርፊትና ከበሰበሰው ቅጠል እየወጣ ስለሚቀላቀልበት ነው። ውኃው አሲድነት ስላለው በቀላሉ አይበላሽም፤ በሸራ መርከብ ዘመን መርከበኞች በበርሜል እየሞሉ ለረጅም ጉዞ ይይዙት ነበር። ነፋስ በሌለበት ጠዋት የዛፎቹን ጥላ እንደ መስተዋት ይይዛል፤ ከሥሩ ያለውን ግን አንድ ክንድ ያህል እንኳ ማየት አይቻልም።

እንከኑ የሚጀምረውም እዚያው ከሥር ነው። ቦዩ ሊኖረው የሚገባው ጥልቀት 6 ጫማ፣ ማለትም 1.8 ሜትር ነው። የጀልባዎ ሆድ ከ5 ጫማ በላይ የሚጠልቅ ከሆነ ሌላ መንገድ ይፈልጉ። ከዚያ ያነሰውም ቢሆን ውኃ ጠጥቶ የከበደና ከውኃው ገጽ በታች የተደበቀ ግንድ ሊመታው ይችላል፤ በዝግታ መሄዱ እዚህ ላይ ከሕግም በላይ ይጠቅማል። ባለ ሸራ ጀልባ ከሆነ ደግሞ ዓይንዎ ወደ ላይም ይሁን፤ ከዳር ያዘነበሉ ቅርንጫፎች ምሰሶውን ስለሚይዙት መካከሉን ይዞ መሄድ ነው። በሞቃት ወራት በውኃው ላይ የሚንሳፈፍ፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ አረንጓዴ ቅጠል ቦዩን እንደ ምንጣፍ ያለብሰዋል። ያ ቅጠል ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውኃ በሚገባበት ማጣሪያ ይሰበሰባል። የሙቀት መለኪያው ከፍ ማለት ሲጀምር ሞተሩን አጥፍተው የውኃ መግቢያውን ይዝጉ፣ የማጣሪያውን ክዳን ይክፈቱና አረንጓዴውን ጭቃ በእጅዎ እየዛቁ ያውጡት። ቀኑን ሙሉ ደጋግሞ ሊያስፈልግ ይችላል።

ስለ ጸጥታውም እውነቱን ልናገር። በቨርጂኒያ በኩል የቦዩን ዳር ይዞ ይሄድ የነበረው አሮጌው አውራ ጎዳና ለእግረኛና ለብስክሌት ተለቋል፤ በዚያ ክፍል የሚሰማው ወፍ ብቻ ነው። በሰሜን ካሮላይና በኩል ግን 17 ቁጥር መንገድ ከቦዩ ጋር ስለሚቀራረብ የመኪና ድምፅ ይመጣል። ፍጹም ዝምታ የሚፈልግ ሰው ሰሜናዊውን ግማሽ ያጣጥም።

ከሳውዝ ሚልስ በኋላ በተርነርስ ከት በኩል ወደ ፓስኮታንክ ወንዝ ይወጣሉ። በእኔ ግምት ከጠቅላላው ጉዞ የሚልቀው ይህ ነው፤ ቀጥ ካለው ቦይ ወጥተው ጠመዝማዛ ወንዝ ውስጥ ሲገቡ ውኃ ውስጥ የቆሙት የሳይፕረስ ዛፎች በሁለቱም ወገን ይከቡዎታል። ወንዙ የሚያደርስዎት ኤልዛቤት ሲቲ ነው። በ1983 ሁለት የከተማዋ ነዋሪዎች ለእንግዳ ጀልበኞች የጽጌረዳ አበባ መስጠት ጀምረው ነበር፤ ከተማዋ በእንግዳ ተቀባይነት የታወቀችው በዚያ ነው።

የአልበማርልና ቼሳፒክ ቦይ

ይህን በአጭሩ እጨርሰዋለሁ፤ ምክንያቱም ወደዚህ የሚሄድ ሰው የሚሄደው ለመድረስ ነው። ጥልቀቱ 12 ጫማ ነው፤ ሎኩ አንድ ብቻ ነው፤ ግሬት ብሪጅ ላይ የሚገኘው ይህ ሎክ 600 ጫማ ይረዝማል፣ የሚያነሣውም ጥቂት ጫማ ብቻ ነው። ድልድዩ ቀን ቀን በየሰዓቱ ይከፈታል። ትልቅ ጀልባ ያለው፣ ሆዱ የሚጠልቅበት፣ ቀን ቆጥሮ የሚጓዝ ሰው ከዚህ ሌላ ምርጫ የለውም፤ ሊቆጨውም አይገባም።

እውነተኛው ቦይ ሁለት ቁራጭ ነው፤ አንዱ በቨርጂኒያ፣ ሌላው በሰሜን ካሮላይና ኮይንጆክ ላይ። በመካከላቸው የኖርዝ ላንዲንግ ወንዝና የከሪተክ ሰፊ ውኃ አለ። ወንዙ ዳር ያለው ረግረግ ውብ ነው፤ ነገር ግን ጭነት የሚገፉ ጀልባዎች ከኋላ ይመጣሉ፣ ፈጣን ጀልባዎችም ማዕበል ጥለው ያልፋሉ። ከሪተክ ላይ ውኃውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ከጨረቃ ይልቅ ነፋስ ነው፤ ነፋስ ለቀናት ከአንድ አቅጣጫ ሲነፍስ ጥልቀቱ ይለወጣል። ከተመለከተው መሥመር ጥቂት የወጣ ጀልባ ጭቃ ላይ ይቀመጣል።

ሁለቱም መንገዶች በመጨረሻ አልበማርል ሳውንድ ላይ ይገናኛሉ፤ የርቀታቸውም ልዩነት ለምርጫ የሚያበቃ አይደለም። ይህ ሰፊ ውኃ ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ ነፋስ ሲነሣ አጭርና ቀጥ ያለ ማዕበል ያወጣል፤ ከሁለቱ ቦዮች የትኛውንም ቢመርጡ ለመሻገር ነፋሱ የተረጋጋበትን ጠዋት ይጠብቁ። በዲዝማል የመጣ ሰው ኤልዛቤት ሲቲ ላይ ታስሮ መጠበቁ ይቀልለዋል።

ጀልባ ለሌለው

ጀልባ የለኝም ብሎ መተው አያስፈልግም፤ እንዲያውም ጸጥታውን ከሁሉ በላይ የሚያገኘው ቀዛፊ ነው። ሳውዝ ሚልስ አጠገብ ያለው የዲዝማል ረግረግ ስቴት ፓርክ ካያክና ታንኳ ያከራያል። በቦዩ ላይ ጥቂት ሰዓት መቅዘፍ ለጀማሪ ይበቃል፤ ውኃው አይፈስም ማለት ይቻላል፣ በመሄድም በመመለስም ድካሙ እኩል ነው።

ጠንከር ያለ ጉዞ የሚሻ ከቨርጂኒያ በኩል በመጋቢው ቦይ ወደ ድረመንድ ሐይቅ ይግባ። መጋቢው ከ3 ማይል ትንሽ ይበልጣል፤ ጠባብ ነው፣ ዛፎቹም ከላይ ይገናኛሉ። ወደ ሐይቁ ሲቃረቡ ውኃውን የሚቆጣጠር ግድብ አለ፤ እዚያ ጀልባውን ጋሪ ላይ ጭነው በሐዲድ ገፍተው ያሳልፉታል። አጠገቡ ድንኳን መትከያ ቦታ አለ። ሐይቁ በቨርጂኒያ ካሉት ሁለት የተፈጥሮ ሐይቆች አንዱ ነው፤ ስፋቱ 3,100 ኤከር ያህል ሆኖ ጥልቀቱ ከ6 ጫማ ብዙም አያልፍም። ያ ጥልቀት አያታልልዎት፤ መጋቢው ውስጥ ያልተሰማ ነፋስ ሐይቁ ላይ ትንሿን ታንኳ ሊገለብጣት ይችላል። ማዕበል ካዩ ከዳር ሆነው አይተው ይመለሱ።

ከዚህ ጋር የሚወዳደረው የጆርጂያው የስዋኒ ቦይ ነው። ቁፋሮው በ1891 ተጀምሮ ከ11 ማይል በላይ ወደ ረግረጉ ከገባ በኋላ ኩባንያው ከሰረ፤ ረግረጉም አልደረቀም። በ1937 ኦኪፈኖኪ የዱር እንስሳት መጠለያ ሆኖ ተከለለ። ዛሬ መግቢያው በፎክስተን ከተማ በኩል ነው፤ እዚያው ካያክ፣ ታንኳና ትንሽ ሞተር ጀልባ ይከራያል፣ አስጎብኚ ያለበት ጀልባም አለ። የሞተር ኃይል ከ10 ፈረስ ጉልበት ማለፍ ክልክል ነው። ለጸጥታ ሲባል ከወጡ ደንቦች ሁሉ ይህን አከብረዋለሁ።

ሁለቱ በመልክ አይመሳሰሉም። ዲዝማል በደን ግድግዳ መካከል ያለ መንገድ ነው፤ ስዋኒ ጥቂት በደን ከሄደ በኋላ ወደ ሰፋፊ፣ ሣርና የውኃ አበባ የሞላባቸው ሜዳዎች ይከፈታል። ዲዝማል ውስጥ ጥቁር ድብ አለ፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሰውን ሲሰማ ይሸሻል። ኦኪፈኖኪ ውስጥ አዞ የሚመስለው አሊጌተር በሺዎች ይኖራል፤ በፀሐይ ቀን ቦዩ ዳር ተኝቶ ማየት የተለመደ ነው። ምግብ አይስጡት፣ እጅዎን ውኃ ውስጥ አይንከሩ፣ ልጅና ውሻ ከጀልባው ጠርዝ ይራቁ። ልጆች ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ አስጎብኚ ያለበት የኦኪፈኖኪ ጀልባ ከሁሉም ይሻላል እላለሁ፤ የሚያዩት ነገር አያጡም፣ እርስዎም ከመንዳት ሐሳብ ነጻ ይሆናሉ። ብቻውን መሆን ለሚፈልግ ደግሞ ፈቃድ አውጥቶ በረግረጉ ውስጥ በእንጨት መደብ ላይ ማደር ይቻላል። ይህ ዕድል በዲዝማል ቦይ ላይ የለም። በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖረው አንባቢ ልዩነቱ ርቀት ነው፤ ዲዝማል የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም፣ ፎክስተን ግን ሙሉ ቀን መንዳት ነው።

መቼ?

ለሦስቱም ሚያዝያና ጥቅምት አካባቢ ይመረጣል። በሚያዝያ ዲዝማል በስደተኛ ወፎች ዜማ ይሞላል። ሰኔና ሐምሌ ላይ የሚናደፍ ቢጫ ዝንብ አለ፤ ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ ሳይዙ አይግቡ። በመከር ወደ ደቡብ የሚወርዱት ጀልባዎች ስለሚበዙ በጎብኚዎች ማዕከል ያለው መትከያ ይጣበባል።

ከመነሣትዎ በፊት የመሐንዲሶች ጓድ የኖርፎክ ቢሮ የሚያወጣውን ማስታወቂያ ይመልከቱ። ድርቅ ሲሆን የሐይቁን ውኃ ለመቆጠብ የሎኮቹ መክፈቻ ይቀነሳል፤ ከዐውሎ ነፋስ በኋላም ቦዩ በወደቁ ዛፎች ይዘጋል፤ በጥቅምት 2016 ከደረሰው የማቲው ዐውሎ ነፋስ በኋላ ለወራት ተዘግቶ ነበር። ኖርፎክ ደርሰው ዲዝማል ተዘግቶ ካገኙት በቨርጂኒያ ከት ይውረዱና አልበማርል ሳውንድ ሲደርሱ ወደ ምዕራብ ታጥፈው ወደ ኤልዛቤት ሲቲ ይግቡ። ከዚያ በፓስኮታንክ ወንዝ ወደ ላይ ጥቂት ማይል ቢሄዱ ሎክም ሰሌዳም ሳያስፈልግዎት ሳይፕረሶቹ መካከል ይገባሉ፤ በመጡበት መመለስ ብቻ ነው።